የገዛ ልጄ ጠያቂ ላደረጉኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ምንጣፍ በተነጠፈበት ፎቅ፣ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ፣ ሙቀትዎ ሳይወርድ፣ የጠጡት ሁሉ በሆድዎ ረግቶ፣ ክብደትዎም ከትናንቱ ጥቂት ጨምሮ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። ድሮ ለሰው ጤና ስመኝ እንዲህ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ሰው እንደምን ሰነበቱ ብዬ አልፍ ነበር። ከጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ግን፣ ጤና ማለት ማንም እግር ሳያሻሽ፣ ማንም ሳያስታውስ፣ በራስ መተንፈስ መሆኑን ስለተማርኩ፣ ለእርስዎም ከዚሁ ቆንጥሬ ልኬልዎታለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሙያዬ ፀጉር መሥራት ነው፤ ዕድሜዬን የሰው ጭንቅላት ሳበጥርና ስተኩስ ስለኖርኩ፣ ከውጭ ያማረ ጭንቅላት ሁሉ ከውስጥም አምሮለታል ብዬ የማልሳሳት ሴት ነኝ። ያለጊዜዋ የተወለደች፣ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማትዘል ልጅ አለችኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ማሞቂያ ሳጥን ተኝታለች። ስም ገና አላወጣንላትም፤ የባለቤቴ እናት ግን መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት «ኧረ ይቺ እኮ እፍኝ ናት!» ስላሉ፣ እፍኝ ሆና ቀርታለች። አእምሮዋ ገና ስላልጠና አልፎ አልፎ መተንፈስ ትረሳለች። ይህ አባባል የእኔ አይደለም፤ የክፍሉ ሐኪም «አትደንግጪ፣ ትረሳዋለች፣ እግሯን እያሻሸን ስናስታውሳት ትቀጥላለች» ብለው የነገሩኝ ነው። ዶክተሯ ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜአለሁ፤ አትደንግጪ ያሉኝን ብቻ እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ላደርስልዎ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ጸሐፊዎ እጅግ ትሑት ልጅ ስለሆነች፣ በሄድኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን በፈገግታ ነግራኛለች። ስብሰባ የማይሰለቸው አለቃ ያለው ሆስፒታል የታደለ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ስለሚባልም፣ ሰው ሁሉ የሚያወራውን እርስዎ ብቻ ሳይሰሙት እንዳይቀሩ ብዬ፣ ሁሉም በሚያነበው ቦታ ማውጣቱን መረጥኩ። በደሌን በቁጥር አስቀምጬልዎታለሁ፤ በሪፖርት ላይ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁ።

አንደኛ። በመጀመሪያ ማንነቴን ስላሳወቁኝ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እፍኝ በተወለደች ሰሞን እናት የሆንኩ መስሎኝ፣ ስፌቴ ሳይደርቅ ግድግዳ እየተደገፍኩ ወደ ክፍሏ እመላለስ ነበር። ከዚያ በፊርማዎ የወጣው ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ለሕፃናቱ ደኅንነት ሲባል ጠያቂዎች ከሰዓት በኋላ ለስድሳ ደቂቃ ብቻ፣ ለአንድ ሕፃን አንድ ጠያቂ ብቻ እንዲገባ ይላል። እናቶችስ በየት በኩል እንግባ ብዬ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፣ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ደግሞ አነበበና «እህቴ፣ እናት የሚል የለበትም፤ ጠያቂ ነው የሚለው፣ አንቺም ያው ጠያቂ ነሽ» አለኝ። እኔ እስከማውቀው ጠያቂ ማለት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ የሚመጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ቆሞ አይዞህ የሚልና ሰዓቱን አየት አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። ሆዴ ውስጥ ስትራገጥ የኖረችን ልጅ እንዴት አድርጌ እንደምጠይቃት ግን አላውቅበትምና፣ ሥልጠና ቢያዘጋጁልን ደስ ይለናል።

ወተቴ ጠያቂ ስላልሆነ በፈለገው ሰዓት ይገባል። አግዳሚው ላይ ሻርፕ ተከናንቤ አልብና በጠርሙስ አድርጌ በበሩ ስንጥቅ አቀብላለሁ፤ ነርሷ ተቀብላኝ በሩን ትዘጋለች፤ ወተቱም በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ ወደ ሆዷ ይወርዳል። ክቡርነትዎ ከብት አርቢ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ሆኖም ላም እንኳ ስትታለብ ጥጃዋን ፊት ለፊቷ ያቆሙላታል። ይህን የሚያደርጉት ለላሟ አዝነው አይደለም፤ ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ስለማታወርድ ነው። እኔም እንደ ላሟ እየነጠፍኩ መሆኔን ለነርሷ ነግሬ፣ ነርሷ ለአለቃዋ ነግራ፣ አለቃዋ ለእርስዎ ቢሮ ነግራ፣ መልሱ «ውኃ በብዛት ትጠጣ» የሚል መጥቷል። እየጠጣሁ ነው፤ አመሰግናለሁ።

በሽታ እንዳይገባ ብለው መሆኑን አልክድም። እንዲያውም ለዚህ ጥንቃቄ ከማንም በላይ የማመሰግንዎ እኔ በሆንኩ ነበር፤ ጥፍሬን አሳጥሬ፣ ቀለበቴን አውልቄ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ የምገባ ሴት ነኝና። ጥንቃቄው ማንን እንደሚመለከትና ማንን እንደማይመለከት የገባኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛ። ዶክተሯ አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ እፍኝ ከሳጥኗ ወጥታ በባዶ ደረቴ ላይ፣ ገላዋ ከገላዬ ተጣብቆ፣ ቀኑን በተቻለ መጠን ረጅም ሰዓት እንድትቆይ አዘዙ። ልብ ይበሉልኝ፣ ለመጽናናት ብለው ሳይሆን መድኃኒት ነው ብለው ነው ያዘዙት። በመጀመሪያው ቀን ነርሷ ሽቦዋንና ቱቦዋን አስተካክላ ደረቴ ላይ ስታሳርፋት፣ ክብደት ያለው ነገር የተቀመጠብኝ አልመሰለኝም፤ ሙቀት ብቻ ነበር። ጆሮዋ ልቤ ላይ ሆነ፣ ጣቶቿ ጡቴ ላይ ተዘረጉ። መተንፈስ በረሳች ቁጥር ሲጮኽ የሚውለው ማሽን ጸጥ አለ። ደረቴ ከፍ ሲል እሷም ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ትላለች፤ እኔ ስተነፍስ መተንፈስ እንዳለባት ትዝ የሚላት ይመስል አንድም ጊዜ ሳትረሳ ቆየች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሳላሽሞነሙን ነው የምነግርዎ።

ከዚያ ጥበቃው አንገቱን በበሩ አስግጎ አውቶብስ የሚያመልጠን ይመስል «ሰዓት! ሰዓት!» አለ። ልጅቷ ከደረቴ ተነሥታ ወደ ሳጥኗ ተመለሰች፤ እኔም ጫማዬን አጥልቄ በሩ ጋ ሳልደርስ ማሽኑ ጮኸ። ዞር ብዬ ሳይ ነርሷ እግሯን ታሻሻለች። ልመለስ ስል ጥበቃው እጁን ዘረጋብኝ። እንግዲህ ዶክተሯ ረጅም ሰዓት ብለው ያዘዙትን መድኃኒት ስድሳ ደቂቃ ብለው የመጠኑት፣ ሕክምና ያልተማሩት እርስዎ ነዎት። ሳይማሩ መድኃኒት መመጠን መቻል ተሰጥኦ ስለሆነ ይህንንም አደንቃለሁ።

ሦስተኛ። ይህኛው አጭር ነው። በክፍሉ ውስጥ ልጅ ታቅፎ ጋለል የሚባልበት አንድ ጥሩ ወንበር ነበር፤ ለእንግዳ መቀበያ ያምራል ተብሎ ወደ እርስዎ ፎቅ ወጥቷል። ጸሐፊዎ ጋ ስመላለስ አይቼዋለሁ፤ በእርግጥም ያምራል። እኛ በፕላስቲክ በርጩማ ላይ፣ ስፌታችንን ይዘን፣ ጀርባችንን የምናስደግፍበት ሳናገኝ እናቅፋለን።

አራተኛ። በክፍሉ በር ላይ የሰሃን ስፋት ያላት መስታወት ነበረች። ብዙ አታሳይም፤ የእፍኝን ሳጥን አንድ ጥግና፣ ነርሷ ልጅቷን ትንሽ ዞር ካደረገቻት ደግሞ ቢጫ ቆቧን ታሳያለች። አግዳሚው ላይ የምንውል ወላጆች ተራ ይዘን፣ ሳንጋፋ፣ የየራሳችንን ጥግ እያየን እንመለስ ነበር። በዚያች መስታወት ላይ የሆስፒታሉን ዓርማና «ሁልጊዜም ከጎንዎ ነን» የሚል መሪ ቃል አስለጠፉባት። ባለቤቴ መስታወት ቆራጭ ነው፣ ቃል የሚያበዛ ሰውም አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ዓርማውን አይቶ «ሰው መስታወት ላይ ወረቀት ሊለጥፍ ከሆነ ምናለ ከመጀመሪያው ጣውላ ቢገዛ» አለ። ከዓርማው ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ተቀድዳ ካገኙ እሱን እንዳይጠረጥሩት፤ ጥፍሩ የኔ ነው።

አምስተኛ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ እጅ መንሻ ነበር።

በቅርቡ ታላላቅ እንግዶች ሆስፒታሉን ሊጎበኙ መጡ። ኮሪደሩ ተወለወለ፣ አበባ በባልዲ ገባ፣ እኛ አግዳሚው ላይ የምንውለው ደግሞ ለዓይን ስለማንመች ደረጃው ሥር ተዛወርን። እንግዶቹ ወደ ክፍሉ የሚገቡት በጠያቂ ሰዓት ስለሆነ የዕለቱ ጠያቂ ተሰርዟል ተባለ። ልጄ ያን ቀን መድኃኒቷን ሳታገኝ ልትውል ነው ማለት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የጨነቀኝ አራስ ነበርኩና ወደ ሱቄ ሄድኩ። ፀጉሬን ተኮስኩ፣ ለሠርግ የገዛሁትን ወርቃማ ሻርፕ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ተረከዙ ቋ ቋ የሚል ጫማ ተጫማሁ፣ ተመልሼም በረድፍ ወደ ላይ ከሚወጡት እንግዶች መካከል ገባሁ። በየቀኑ ሰዓት አልደረሰም የሚለኝ ያው ጥበቃ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝና «ይግቡ እመቤቴ» አለኝ። እናት ሆኜ ስንት ቀን የለመንኩትን በር አንድ የካውያ ተኩስ ከፈተው፤ ሙያዬን የሚንቅ ዘመድ ስላለኝ ይህን ሳልነግረው አልቀርም።

ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም እርስዎም እዚያው ነበሩ ግን እያዩ አልነበረም። ሕፃናቱን ብርሃን እንዳይጎዳቸው ሳጥኖቹ ላይ የሚጣለው ጨርቅ ለፎቶ አያምርም ተብሎ ተገፍፏል። ከነጫማውና ከነካፖርቱ የገባው ሰው ነርሶቹ እንኳ እንዳይተላለፉ ክፍሉን ሞልቶታል። ፎቶ አንሺው የካሜራ ቦርሳውን የአንዱ ሕፃን ሳጥን ላይ አስቀምጦታል፣ ከታች ሰው ያለ አልመሰለውም። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን የታጠበች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ማን እንደነበረች መቼም አይጠፋዎትም።

እርስዎም የእፍኝ ሳጥን አጠገብ ቆሙ። እኔ ከጎንዎ ነበርኩ፤ ከመቅረቤ የተነሣ ፀጉርዎን የሚቀባልዎ ሰው ቀለሙን እስከ ሥሩ እንደማያደርስ ሳይቀር አይቻለሁ፤ ሱቄ ቢመጡ በአግባቡ እሠራልዎታለሁ። ለእንግዶቹም «ይህ ልጅ ሲመጣ ተስፋ አልነበረውም፤ አሁን ግን ጎረምሳ ሊሆን ነው» አሏቸው፤ ሁሉም ሳቁ። ሴት ናት። ከእንግዶቹ አንዷ እናቶቻቸውስ የት ናቸው ብላ ስትጠይቅ፣ «እናቶቹ በደስታ ይተባበሩናል፣ ቤታቸው አርፈው ይተኛሉ፣ ሐሳብ ብሎ ነገር የለባቸውም» ብለው መለሱና ወደ እኔ ዞር ብለው «አይደለም እንዴ እመቤቴ፣ ለእናትም እኮ ዕረፍት ያስፈልጋታል» አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል በአፌ እንዲያልፍ ስላልፈለግሁ ዋጥኩት።

ከዚያ ሰዓትና ቀለበት ያለበትን፣ ውኃ ያልነካውን እጅዎን በሳጥኑ ቀዳዳ አስገብተው ጭንቅላቷ ላይ አሳረፉ። ካሜራው ቦግ አለ። እፍኝ ደነገጠች፣ እጆቿ ወደ ላይ ተወራጩ፣ ከዚያም መተንፈስ ረሳች። ማሽኑ ሲጮኽ እርስዎ እጅዎን ሳያነሡ «ይህ ዘመናዊ መሣሪያ ነው፣ ሁሉን ነገር ይነግረናል» ብለው ለእንግዶቹ አስረዱ። መሣሪያው የሚነግርዎ የነበረው ልጄ እየተነፈሰች አለመሆኑን ነው፣ ክቡርነትዎ። ነርሷ በሰው መካከል እየተጋፋች ደርሳ እግሯን እስክታሻሽላት ድረስ ከንፈሯ ሲጠቁር ቆሜ አየሁ። እጄን ብሰድ እናት መሆኔ ታውቆ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው የቆምኩት። ልጄ ትንፋሿ ሲቆም እኔ እንደ እንግዳ እጄን አጣምሬ እንድቆም ያደረገኝ የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው፤ ይህን ግን ይቅር አልልዎትም።

እፍኝ ተነፈሰች፣ እኔ አለቀስኩ፣ ካሜራውም ያኔ ወደ እኔ ዞረ።

ስድስተኛ። ፎቶው በግድግዳ ሙሉ ታትሞ በዋናው አዳራሽ ተሰቅሏል። እጅዎ አለ፣ ቀለበትዎ አለ፣ ከእውነተኛዋ ብዙ እጥፍ የምትበልጥ እፍኝ አለች፣ ከግራ ሦስተኛዋ ደግሞ ወርቃማ ሻርፕ የለበሰች አልቃሻ ሴት አለች። ከሥሩ «እንግዶች በሆስፒታላችን ቤተሰብ ተኮር እንክብካቤ ልባቸው ተነክቶ፤ ሕፃኑ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ተጽፏል። የባለቤቴ እናት መጀመሪያ ሲያዩት አላወቁኝም፤ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ቤት ናት? ሰው ልጅ ላይ እንዲህ የምትነፋረቀው ምን ሆናለች?» ብለው ተቆጡ። ጠጋ ብለው ካዩ በኋላ ሄደው ፎቶው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አሁን ወተቴን የማልበው ከዚያ ፎቶ ሥር ነው። ጥጃዬን አቁመውልኛልና እግዜር ይስጥልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ረድቶኛል።

እንደ ታማኝ ዜጋ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ቢሮዎ ሄጄ ሁለት እርማት እንዲደረግ አመለከትኩ፤ ሕፃኑ ሴት መሆኗንና አልቃሻዋ እንግዳ ሳትሆን የሕፃኗ እናት መሆኗን። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብሎ «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፣ ለበላይ አቀርበዋለሁ» አለኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በማግሥቱ ማንነቴን ደብቄ በመግባት የሕፃናቱን ደኅንነት አደጋ ላይ ስለጣልኩ እስከ ሌላ ማሳወቂያ ድረስ ወደ ክፍሉ እንዳልገባ የሚል፣ በእርስዎ የተፈረመ ወረቀት ደረሰኝ። ማንነቴን ስደብቅ የተከፈተልኝ በር ማንነቴን ስናገር ተዘጋብኝ። ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ አልታረመም፤ ልጄ ግድግዳዎ ላይ ወንድ እንደሆነች አለች።

ሰባተኛ የለም። ካለም ይኸው የምጽፈው ነው።

ወረቀትዎ ከደረሰኝ ወዲህ የጠያቂውን ሰዓት የሚገባው ባለቤቴ ነው። የመስታወት ብናኝ ከገላው እንዳይገኝ ቆዳው እስኪቀላ ፈትጎ ይታጠብና በርጩማው ላይ ሆኖ ያቅፋታል፤ ሲወጣ ስለ እሷ ከመናገሩ በፊት መጀመሪያ ሸሚዙን አውልቆ ይሰጠኛል። ሽታዋ አለበት። ያን ሸሚዝ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ የምቀመጥ ሴት መሆኔን ለጠላቴ እንኳ መናገር አልፈልግም ነበር፤ ለእርስዎ ግን ይኸው ነገርኩ። በቀረው ሰዓት አግዳሚው ላይ ሆነን እናዳምጣለን። የማሽኑ ድምፅ ለሁሉም ሕፃን አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም አንገታችንን ቀና እናደርጋለን፤ የማን ልጅ እንደረሳች የምናውቀው ነርሷ ወጥታ የአንዳችንን ፊት ስታይ ነው። እኔን የምታይበት ጊዜ እየበዛ ነው። ዶክተሯ ክብደቷ መቆሙን፣ መተንፈስ የምትረሳበትም ጊዜ መብዛቱን ሳይደብቁ ነግረውኛል። ስለ እኔ ሊያነጋግሩዎም ወደ ፎቅዎ ወጥተው ነበር፤ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተነግሯቸው ወረዱ።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ቀላል ነው። ወንበሩ ካማረብዎ ይቀመጡበት። ዓርማውም መስታወቱ ላይ ይቅር። ፎቶውም ይሰቀል፤ እኔም እንግዳ ሆኜ፣ ልጄም ወንድ ሆና እስከፈለጉት ድረስ እንኑር። እናቶች በፈለጉት ሰዓት፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ልጃቸውን እንዲያቅፉ በሩን ይክፈቱ። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ይህን ለማድረግ ስብሰባ አያስፈልግም፣ በጀት አያስፈልግም፣ ሪባን የሚቆርጥ እንግዳም አያስፈልግም፤ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ መላጥ ብቻ ነው፣ ጥፍር የሌለዎ እንደሆነ የኔ አለ።

እፍኝ ደረቴ ላይ መሆን በነበረባት ሰዓት፣ ሁሉም ነርሶች በሌላ ሕፃን በተያዙበት ደቂቃ፣ መተንፈስ ረስታ የሚያስታውሳት ብታጣ፣ ጥፋቱ የበሽታ አይደለም፣ የተፈጥሮም አይደለም፤ የእርስዎ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ በኋላ አልሰማሁም እንዳይሉኝ ነው። ያ ቀን ከመጣ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ የምጽፍልዎ አይምሰልዎ። ጨዋነቴ የሚበቃው እስከዚህ ወረቀት ድረስ ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን ከስብሰባ ቀንሰው ይህን በማንበብዎ፣ ካነበቡም፣ ወሰን የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ሳያስፈቅዱ ሲያቅፉዎ ለኖሩት ለወላጅ እናትዎ፣ ረጅም ዕድሜና ያልተቆራረጠ ትንፋሽ እመኛለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣

በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ ከግራ ሦስተኛዋ እንግዳ፤
ከበሩ ውጭ ደግሞ የእፍኝ እናት

ድኅረ ጽሑፍ። በመጪው ሳምንት ሌሎች ታላላቅ እንግዶች ክፍሉን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ሰምተናል። አግዳሚው ላይ የምንውለው እናቶች ሁላችንም በዋዜማው ሱቄ ተሰብስበን፣ ፀጉራችንን ተተኩሰን፣ ያለንን ለብሰን ልንመጣ ተነጋግረናል፤ ከመካከላችን የትኛዋ እናት የትኛዋ እንግዳ እንደሆነች ጥበቃውም እርስዎም ለመለየት እንዳትደክሙ። አንዲት ነገር ብቻ አደራ፦ በሩ ላይ ሲቀበሉን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለትዎን እንዳይረሱ፤ ከወለድን ጀምሮ በዚህ ሆስፒታል እንዲህ ያለን ሰው የለም።